በዊንተር መብራት ሲጠፋ የቤት እባባችንን እንዴት እናሙቀው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄን የምፅፈው አሜሪካ ላላችሁና ቤታችሁ ውስጥ እባብ ላለ ሐበሾች ነው። አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ናችሁ የምታሳድጉት፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ልጃችሁ ለምኖ ለምኖ አስገዝቷችሁ አሁን ስኖው ሲወርድና መብራት ሲጠፋ ሃላፊነቱ እናንተ ላይ የወደቀ ወላጆች ናችሁ። ጥያቄው በየዊንተሩ ያው ስለሆነ አንድ ላይ አድርጌ መለስኩት። ቁጥሮቹ በብዛት ለቦል ፓይተንና ለኮርን ስኔክ ናቸው፣ ሁለቱም መርዝ የላቸውም፣ ቤት ውስጥ በብዛት የሚያድጉትም እነሱ ናቸው።

መብራት ከጠፋ እባቡ ስንት ሰዓት ይችላል?

ጉዳዩ የሰዓት ሳይሆን የዲግሪ ነው። አንዳንዱ አፓርትመንት ከላይም ከታችም ከጎንም ጎረቤት ስላለው ሌሊቱን ሙሉ ብዙ አይቀዘቅዝም፣ አንዳንዱ የድሮ ቤት ደግሞ መስኮቱ አየር ስለሚያስገባ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ስለዚ ከምንም በፊት የሚያስፈልጋችሁ በባትሪ የሚሰራ ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው፣ ሴንሰሩን እባቡ የተኛበት ቦታ ላይ አድርጉት። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ የሚነግራችሁ የውጪውን ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ደግሞ የኮሪደሩን ነው፣ ሁለቱም የእባቡን አይነግሯችሁም።

ቦል ፓይተን በደህናው ቀን የሚኖርበት ታንክ (የመስታወት ቤቱ) ሞቃቱ ጎን ከ88 እስከ 92 ፋራናይት እንዲሆን ይፈልጋል፣ በሴልሺየስ ከ31 እስከ 33 አካባቢ ማለት ነው፣ ቀዝቃዛው ጎን ደግሞ ከ76 እስከ 80። ጤነኛ የሆነ ትልቅ ፓይተን ሆዱ ባዶ ከሆነ አንድ ሁለት ሌሊት 70 ፋራናይት አካባቢ ቢያድር ተጠቅልሎ ዝም ይላል እንጂ ምንም አይሆንም። 60ዎቹ ውስጥ ገብቶ መውረዱን ካላቆመ ግን ነገ ይመጣል ብሎ መጠበቅ የለም፣ ከታች የፃፍኩትን ያኔውኑ ጀምሩ። 50ዎቹ ውስጥ ከገባ በጣም አደገኛ ነው፣ ሌላው ስራ ይቆይ።

ኮርን ስኔክ ሌላ ታሪክ ነው። የሱ ዘር ከኒው ጀርሲ ደቡብ ጀምሮ እስከ ፍሎሪዳ ድረስ ዱር ውስጥ የሚኖር የዚሁ ሀገር እባብ ስለሆነ ብርድ ያውቃል፣ ጫካ ውስጥ ዊንተሩን ጉድጓድና ግንድ ስር ገብቶ ነው የሚያሳልፈው፣ የሚያራቡ ሰዎችም አውቀው 50ዎቹ ድረስ ያቀዘቅዙታል። ሆዱ ባዶ ከሆነ 60ዎቹ ውስጥ ጥቂት ቀን ቢቆይ አትጨነቁ። ቦል ፓይተን ግን የጋና፣ የቶጎና የቤኒን ልጅ ነው፣ ሰውነቱ ለዛ ሙቀት የተሰራ ነው። ሁለቱም ካሏችሁና ያለቻችሁ አንድ ማሞቂያ ብቻ ከሆነች ለፓይተኑ ስጡ። ከዛ ደግሞ በተራ አስቡ፣ ህፃን የሆነው፣ የታመመው፣ ሰሞኑን የበላው፣ እርጉዟ፣ እነዚህ ይቀድማሉ፣ ምክንያቱም ትንሽ ሰውነት ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሌሎቹ ደግሞ ብርዱን የሚቋቋሙበት አቅም የላቸውም።

ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ ብጠቀልልበትስ?

ብቻውን አይሰራም፣ እና ይሄን ነገር ሰው በደንብ እንዲገባው እፈልጋለሁ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ጋቢ ራሱ ሙቀት የለውም፣ የለበሰውን ሰው ሙቀት ነው ይዞ የሚያቆይለት። እባብ ደግሞ እንደ እኛ ከውስጡ ሙቀት አያመነጭም፣ ከፀሃይ ከድንጋይ ከአካባቢው ነው የሚወስደው። የቀዘቀዘ እባብን በጋቢ ብትጠቀልሉት የምታቆዩት ቅዝቃዜውን ነው። ጨርቅ የሚጠቅመው ውስጡ ሌላ የሙቀት ምንጭ ስታስገቡ ነው፣ የሞቀ ውሃ ይሁን ሂት ፓክ (ሲከፈት በራሱ የሚሞቅ ከረጢት) ይሁን የራሳችሁ ገላ ይሁን።

ፍሎሪዳ ላይ ብርድ ሲመጣ ኢጉዋና የሚባሉት ትላልቅ እንሽላሊቶች ደርቀው ከዛፍ ላይ የሚወድቁትም በዚሁ ምክንያት ነው፣ በጃንዋሪ 2020 የማያሚው የሜትዮሮሎጂ ቢሮ ከዛፍ ሊወድቁባችሁ ይችላሉ ብሎ ህዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። ብዙዎቹ ፀሃይ ሲወጣ ይነሳሉ። ስለዚ እባባችሁ ቀዝቅዞ ባይንቀሳቀስ ሞተ ብላችሁ ቶሎ አትደምድሙ፣ ቀስ ብላችሁ አሙቁትና እዩት።

ታንኩ ውስጥ ልተወው ወይስ ላውጣው?

መብራቱ በጥቂት ሰዓት ይመጣል ብላችሁ ካሰባችሁ እዛው ይሁን፣ ታንኩን ግን ሸፍኑት። የመስታወት ታንክ ሙቀት በየጎኑ ያፈሳል፣ ከላይ ወንፊት ከሆነማ ሞቃቱ አየር በሙሉ በዛ ነው የሚወጣው። ጎንና ጎኑን በወፍራም ብርድ ልብስ ወይ በስታይሮፎም ሸፍኑ፣ ላዩንም ሸፍኑና አየር የሚገባበት ትንሽ ቦታ ተዉ። ታንኩ መስኮት ጋ ወይ ወለል ላይ ካለ ቤቱ ውስጥ ወዳለው ትንሽ ክፍል አዙሩት፣ የውጪ ግድግዳ የሌለው ክፍል ካላችሁ እሱ ይሻላል፣ ቤተሰቡም በሙሉ እዛው አንድ ክፍል ውስጥ ቢሆን የሰዉ ሙቀት ራሱ ክፍሉን ያሞቀዋል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ ከመሸፈናችሁ በፊት ሂት ላምፑን ከሶኬቱ ንቀሉት። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ሳይሆን ገመዱን መንቀል። መብራት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እናንተ ተኝታችሁ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ አምፖሉ ብርድ ልብሱ ስር ይበራና ቤቱ ይቃጠላል።

ማደሩ ካልቀረ ግን አውጡት። ትልቅ ታንክ ማሞቅ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፣ ትንሽ ሳጥን ግን በትንሽ ነገር ይሞቃል። እባቡን የትራስ ልብስ ውስጥ አስገቡና አፉን ቋጥሩ፣ በጨርቁ ይተነፍሳል አትፍሩ፣ እባብ አርቢዎችም የሚያጓጉዙት እንደዛ ነው። ከዛ ፒክኒክ የምትሄዱበት ኩለር ወይ የስታይሮፎም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት፣ ክዳኑ አየር የማያስገባ ከሆነ አንድ ሁለት ቀዳዳ ብሱ ወይ ትንሽ ገርበብ አርጉት። ኩለር ቅዝቃዜ እንደሚይዘው ሙቀትም ይይዛል። ጠባብ ቦታና ጨለማ ደግሞ እባብ ይወዳል፣ አሳዘንኩት ብላችሁ እንዳታስቡ።

የሞቀ ውሃ ሃይላንድ ውስጥ ሞልቼ ላስገባለት?

አዎ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምመክረው ይሄን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሁሉም ቤት አለ፣ አየርም አይበክልም። የጋዝ ስቶቭ ያለው ሰው በክብሪት ለኩሶ ውሃ ማሞቅ ይችላል፣ መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ውሃው እንደሞቀ ወዲያው አጥፉት። የፈላ ውሃ ግን ቀጥታ አትሙሉ፣ ላስቲኩም ይሟሽሻል እባቡም ይቃጠላል። እጃችሁ ላይ ይዛችሁት ሞቅ የሚል እንጂ የማያቃጥል መሆን አለበት። በፎጣ ወይ በካልሲ ጠቅልላችሁ ኩለሩ አንድ ጎን ላይ አስቀምጡት፣ ሌላው ጎን ባዶ ይሁን፣ እባቡ የተቋጠረበት ጨርቅ ቀጥታ ጠርሙሱ ላይ መደገፍ የለበትም። በየሁለት ሶስት ሰዓቱ እየነካችሁ ቀይሩት ምክንያቱም የቀዘቀዘ ጠርሙስ ውስጡ ተቀምጦ ከቆየ ሳጥኑን መልሶ ያቀዘቅዘዋል። ክዳኑ በደንብ መጠበቁን ሁለቴ እዩ፣ የረጠበ እባብ ብርድ ላይ ከደረቀው በጣም ይብሳል።

ምን ያህል ላሙቀው ለሚለው፣ ሳጥኑ ውስጥ ከ75 እስከ 82 ፋራናይት ከሆነ በቂ ነው። በዛ ሌሊት የምትፈልጉት እንዲያድር እንጂ እንደ በፊቱ 90 እንዲሆንለት አይደለም። ሰው ደንግጦ ማሞቂያ በማብዛት እባቡን ሲያቃጥለው ነው እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ብርዱን ይችለው የነበረው እንስሳ በቃጠሎ ቆዳው ይላጣል። እባብ ሆዱ ስር ያለው ነገር እያቃጠለው እንኳን ላይነሳ ይችላል፣ እንደ እኛ ወዲያው እጁን አይስብም፣ ስለዚ የሱን ጠባይ አይታችሁ አትለኩ፣ ቴርሞሜትሩን እመኑ።

ሂት ፓክስ? የእጅ ማሞቂያውን መጠቀም ይቻላል?

ሁለት አይነት እንዳለ እወቁ። አንዱ ጓንት ውስጥ የሚገባው የእጅ ማሞቂያ ነው፣ እሱ እስከ 150 ፋራናይት ድረስና ከዛም በላይ ሊግል ይችላል፣ ለእባብ ቆዳ እሳት ነው። ሌላው እንስሳ በፖስታ ለሚልኩ ሰዎች የተሰራው ባለ 40 ሰዓትና ባለ 72 ሰዓት የሚባለው ነው፣ እሱ ቀስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ይሰጣል፣ ኦንላይን በደርዘን ይሸጣል፣ ዊንተር ሳይመጣ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው። የሚሞቀው ውስጡ ያለው የብረት ዱቄት ከአየር ጋር ተገናኝቶ ሲዝግ ነው፣ ስለዚ አየር ካላገኘ አይሰራም፣ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይወስዳል። በዚ ምክንያት ጥብቅ ባለ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ከእባቡ ጋር አትዝጉበት። ከሳጥኑ ውጪ ጎኑ ላይ በፕላስተር ለጥፋችሁ ከላዩ ፎጣ ጣል ማድረግ ይሻላል፣ ኩለር ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ከውስጥ ክዳኑ ስር በካልሲ ጠቅልላችሁ ለጥፉትና የአየር ቀዳዳው መኖሩን አረጋግጡ። ከፍታችሁ ወዲያው አልሞቀም ብላችሁ ሌላ አትጨምሩ፣ ባለ 40ውና ባለ 72ቱ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳሉ።

የእጅ ማሞቂያው ብቻ ካላችሁ በሁለት ካልሲ ጠቅልሉት፣ ከውጪ አድርጉት፣ እና ቶሎ ቶሎ እዩት።

ከሰል፣ ጀነሬተር፣ ኦቨን ከፍቶ መተውስ?

ከሰል ቤት ውስጥ በጭራሽ። ባርቢኪው ግሪልም በጭራሽ። የካምፒንግ ጋዝም እንደዛው። ኦቨን ከፍቶ ክፍል ማሞቅም አይሆንም። ጀነሬተር ቤት ውስጥ፣ ቤዝመንት ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ በረንዳ ላይም አይሆንም፣ ቢያንስ 20 ጫማ ማለትም 6 ሜትር ከቤቱ ርቆ ጭሱ ከመስኮትና ከበር ወደ ሌላ አቅጣጫ መዞር አለበት።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምናገረው ምክንያት አለኝ። ሀገር ቤት ከሰል ለቡናውም ለብርዱም ቤት ውስጥ ስለምናነድ ነገሩ ቀላል ይመስለናል፣ ግን እዛም ቢሆን ከሰል አፍኗቸው የቀሩ ሰዎችን ሁላችንም ሰምተናል። የአሜሪካ ቤት ደግሞ ሙቀት እንዳያስወጣ ተብሎ ጥብቅ ተደርጎ ነው የሚሰራው፣ በቆርቆሮው ስርና በበሩ ስር የሚገባ አየር የለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ መውጫ የለውም። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፣ ከዛ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ከዛ ሰውየው አይነሳም።

በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን የመታው የበረዶ ማዕበል ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤትና የንግድ ቦታ ላይ መብራት አጥፍቷል፣ ዳላስ ፎርትዎርዝ ኤርፖርት ፌብሩዋሪ 16 ላይ ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት ተመዝግቧል፣ ይሄ ከዜሮ በታች 19 ሴልሺየስ ነው፣ ስቴቱ የቆጠራቸው ሟቾች 246 ናቸው። ከነሱ ውስጥ በካርቦን ሞኖክሳይድ ያለቁ አሉ። ሂዩስተን ውስጥም ለመሞቅ ብለው ጋራዥ ውስጥ መኪና ካስነሱ ከኛው ወገን አንድ ቤተሰብ እናትና ትንሽ ልጇ አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ስለዚ እባቡን ስለምንወደው ተብሎ ቤት ውስጥ ምንም የሚነድ ነገር አይገባም። በባትሪ የሚሰራ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ግዙ፣ ብዙ ብር አይደለም፣ ከጮኸ ሁላችሁም ውጡና 911 ደውሉ፣ እባቡን ልያዝ ብላችሁ እንዳትመለሱ፣ ልጆቻችሁንም አስቀድማችሁ ይሄንን ንገሯቸው ምክንያቱም ልጅ ይመለሳል።

ሻማም ታንኩ ጋ አታስጠጉ።

ልብሴ ውስጥ አድርጌ ባሙቀውስ?

ይሰራል፣ በጣም ጥሩም ነው። የሰው ደረት ቆዳ ላይ ያለው ሙቀት ወደ 33 ሴልሺየስ አካባቢ ነው፣ ለቦል ፓይተን የሞቃት ጎኑ ልክ እሱ ነው፣ ከሱ ብዙም በላይ ስለማይወጣ ማቃጠል የሚባል ነገር የለም። በትራስ ልብስ ቋጥራችሁ ጃኬትና ሹራብ መሃል አድርጉት። ተቀምጣችሁ ብቻ ነው ታዲያ፣ ተኝታችሁ አይሆንም፣ እንቅልፍ ወስዷችሁ ትጫኑታላችሁ ወይ ፈትቶ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ የጠፋ እባብ ደግሞ ፍለጋው ከባድ ነው።

ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ እባብ ጤነኛ ሆኖም ይይዛል፣ ስለዚ ከነካችሁ በኋላ በሳሙና ታጠቡ፣ ውሃ ከሌለ ሳኒታይዘር። ከ5 አመት በታች ያለ ልጅ፣ ከ65 በላይ የሆኑ እማማና አባባ፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ይሄን ስራ አይስራ፣ ሌላ ሰው ይያዘው።

መኪና ውስጥ ሂተር ከፍተን ብንቀመጥ?

ውጪ ቆሞ ከሆነ፣ የጭስ ማውጫው ላይ ያለው ስኖው ተጠርጎ ከሆነ፣ ይቻላል። ጋራዥ ውስጥ በሩ ተከፍቶም ቢሆን አይሆንም። ሂተሩን እባቡ ላይ ቀጥታ አታዙሩ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ እሱን ብቻ ትታችሁት አትግቡ፣ መኪና ከቤት ቀድሞ ነው የሚቀዘቅዘው።

ፓወር ስቴሽን (ዕቃ የሚሰካበት ትልቅ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ) ልግዛ? ስንት ሰዓት ይቆያል?

ብር ካላችሁ ግዙ፣ ግን መጀመሪያ ሂሳቡን ስሩ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የምታሰሩት ዕቃ ላይ የተፃፈውን ዋት እዩ። ሂት ማት (ከስር የሚነጠፈው ስስ ማሞቂያ) ትንሽ ነው የሚበላው፣ 16 ዋት አካባቢ የሚወስድ አለ፣ ሴራሚክ ሂተር (ብርሃን ሳይሰጥ የሚያሞቀው) ግን 100 ዋት ይሆናል። ባትሪው 300 ዋት ሰዓት ከሆነ የተወሰነው ራሱ ማሽኑ ውስጥ ስለሚባክን 250 ያህል ታገኛላችሁ ብላችሁ ቁጠሩ። 250ን ለ16 ስታካፍሉት 15 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ለ100 ስታካፍሉት ደግሞ 2 ሰዓት ተኩል። ያው ባትሪ፣ ያው ሌሊት፣ ልዩነቱ ግን ይሄን ያህል ነው። ስለዚ በባትሪ ጊዜ አምፖልና ሴራሚኩን እርሱት፣ ሂት ማቱን ብቻ ሰኩ።

ሂት ማት ታዲያ አየር አያሞቅም፣ ከላዩ ያለውን ነገር ብቻ ነው የሚያሞቀው፣ ትልቅ ታንክ ስር ሆኖ ክፍሉ 50 ፋራናይት ከሆነ ብዙ አይረዳም። በፕላስቲክ ትንሽ ሳጥን አንድ ጎን ስር አድርጋችሁ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ስትጠቀልሉት ያኔ ስራ ይሰራል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትም አብሮ መሰካት አለበት፣ ማት ያለ ቴርሞስታት ሲሸፈን ከልክ በላይ ይግላል። ቴርሞስታቱ ሲሞቅ ስለሚያጠፋው እንደውም ባትሪው ከቆጠራችሁት በላይ ሊቆይላችሁ ይችላል። ስቶርም ይመጣል ሲባል ቀድማችሁ ቻርጅ አርጉት፣ እና ከዜሮ ሴልሺየስ በታች በሆነ ጋራዥ ውስጥ ቻርጅ አታርጉት፣ ሊቲየም ባትሪ ያበላሻል።

ትናንት አይጥ በልቶ ነበር፣ ምን ላድርግ?

ይሄ ነው የሚያሳስበው። እባብ ምግቡን የሚፈጨው በሙቀት ነው፣ ከቀዘቀዘ መፍጨቱ ይቆማል፣ አይጡ ሆዱ ውስጥ ይበሰብስና ወይ ይተፋዋል ወይ ይመርዘዋል። ስለዚ ቤት ውስጥ ካሉት ሁሉ ይሄኛው ቅድሚያ ያገኛል፣ ሳጥኑንም ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ 80ዎቹ መሃል ለማቆየት ሞክሩ። አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ ደረታችሁ ላይም አታድርጉት፣ ሆዱ ሲጫን ይተፋል። ከተፋ ወዲያው ሌላ ልስጠው አትበሉ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ጠብቁና ከበፊቱ ያነሰ ስጡት። ደጋግሞ ከተፋ ወደ ሐኪም ነው።

ለሚቀጥለው ደግሞ የአየር ትንበያ ላይ ትልቅ ብርድ ይመጣል ከተባለ ምግብ ዝለሉ። አንድ ሳምንት አልበላም ብላችሁ አታልቅሱለት።

ውሃ ልርጭለት? ገላውን ለብ ባለ ውሃ ልንከርለት?

አይሆንም። ለብ ያለው ውሃ በደቂቃዎች ይቀዘቅዛል፣ እርጥብ ሆኖ ይወጣል፣ ቀዝቃዛና እርጥብ አብረው ሳንባውን ነው የሚይዙት። የሚጠጣው ውሃ ይኑረው፣ መርጨቱ ግን መብራት እስኪመጣ ይቅር።

መብራት መጣ! አሁን በደንብ ላሙቀው?

ቀስ በሉ። መጀመሪያ ብርድ ልብሱን አንሱ፣ ከዛ ሂተሩን ሰኩ፣ ቴርሞስታቱ ሴቲንጉ ጠፍቶበት እንደሆነ እዩ፣ አንዳንዱ መብራት ሲሄድ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ይመለሳል። ቤቱ ራሱ ሲሞቅ እባቡም አብሮ ይሙቅ፣ ታንኩ ልኩ ላይ ሲደርስ መልሳችሁ አስገቡትና የት እንደሚተኛ ራሱ ይምረጥ። ከቀዘቀዘ በኋላ በአንዴ አምፖል ስር ማድረግ ጥሩ አይደለም። ምግብ ደግሞ ሙቀቱ ተስተካክሎ ሁለት ሶስት ቀን ካለፈ በኋላ ነው።

ከዛ በኋላ ላሉት ሁለት ሳምንታት ያህል በደንብ ተከታተሉት ምክንያቱም የመተንፈሻ ኢንፌክሽን በነጋታው አይታይም፣ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሲተነፍስ የሚያፏጭ ወይ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ፣ አፍ ወይ አፍንጫ ላይ አረፋና ንፍጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ከነዚህ አንዱን ካያችሁ እባብ የሚያክም ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ሁሉም የውሻና የድመት ክሊኒክ እባብ አያይም፣ ስለዚ ስልኩን ዛሬ ፈልጋችሁ ፅፋችሁ አስቀምጡ። ሰው የሚወስደውን አንቲባዮቲክ ከቤት አንስታችሁ እንዳትሰጡ። ቆዳው ላይ ቀይ ወይ ቡኒ ቦታ፣ የፈነዳ ነገር ካያችሁም ቃጠሎ ሊሆን ይችላልና ያው ሐኪም ነው።

ቤቱ ጨርሶ ካልተቻለና መውጣት ካለብን?

እባቡን ይዛችሁ ውጡ፣ ግን የት እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የከተማው ማሞቂያ ማዕከሎች ብዙዎቹ እባብ አያስገቡም፣ ሆቴልም ፔት እንቀበላለን ሲል ውሻና ድመት ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ ደውላችሁ በግልፅ ጠይቁ። የሚሻለው መብራት ያለው ወዳጅ ዘመድ ነው። እዚህ ላይ የኛ ሰው እባብ እንደሚፈራ እናውቃለን፣ ለብዙ እናቶች ሰይጣን ነው፣ ያን መናቅ የለብንም፣ ሳይነግሩ በቦርሳ ደብቆ ማስገባት ደግሞ ትልቅ ነውር ነው። ደውላችሁ እውነቱን ንገሯቸው፣ እትዬ እንዲህ ያለ ነገር ይዘናል፣ ተቋጥሮ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ ይቆለፋል፣ ባኞ ቤት ወይ ክሎዜት ውስጥ ዘግተን እናስቀምጠዋለን፣ ማንም አያየውም በሉ። እንደዛ ሲባሉ እሺ የሚሉ ብዙ ናቸው። እምቢ ካሉ ደግሞ አትቀየሙ፣ ሌላ ሰው ጋ ደውሉ። እባብ የሚያሳድግ ጓደኛ ካላችሁ ከዊንተሩ በፊት ተስማሙ፣ የአንዳችሁ ሰፈር ሲጠፋ የሌላው ሊኖር ይችላልና።

በመንገድ ላይ መኪናው ቀድሞ ይሙቅ፣ ከዛ ሳጥኑ ይግባ። ሳጥኑ ላይ የእባቡን አይነትና የባለቤቱን ስልክ ፃፉበት፣ መርዝ የለውም የሚለውን በትልቁ።

አስቀድሜ ምን ምን ልያዝ?

ዝርዝሩ አጭር ነው፣ ሙሉውን በአንድ ኩለር ውስጥ አስገብታችሁ ክሎዜት ውስጥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ኩለሩ ራሱ፣ ለእያንዳንዱ እባብ አንድ የትራስ ልብስ፣ ባለ 40 ሰዓት ሂት ፓክ የተወሰነ (ቀኑ ያለፈበት ስለማይሞቅ በየዓመቱ እዩት)፣ ባትሪ ያለው ቴርሞሜትር፣ ባዶ ሃይላንዶችና አሮጌ ካልሲ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፕላስተር። ኖቬምበር ላይ አንድ ቀን ከልጃችሁ ጋር ሞክሩት፣ ባዶ ኩለር ውስጥ የሞቀ ሃይላንድ አስገብታችሁ ቴርሞሜትሩ ስንት እንደሚል ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አብራችሁ ፃፉ። የራሳችሁ ኩለር የራሳችሁ ቤት ቁጥር ከኔ ቁጥር ይበልጥባችኋል፣ ልጁም መብራት የጠፋ ቀን ከማልቀስ ስራ ይይዛል።

ፍሪዘር ውስጥ ያሉት አይጦች ይበላሻሉ?

ፍሪዘሩ ሙሉ ከሆነና ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ግማሽ ከሆነ 24። ስለዚ ቶሎ ቶሎ አትክፈቱት። መብራት ሲመጣ አይጦቹን ንኳቸው፣ በረዶአቸው ያልለቀቀ ከሆነ ይቀመጡ፣ ሙሉ በሙሉ ቀልጠው የለሰለሱትን ግን መልሳችሁ ሳታቀዘቅዙ ጣሏቸው። ትልቅ ቦል ፓይተን ሳምንታት ባይበላ ምንም አይሆንም፣ በተበላሸ አይጥ ግን ይታመማል።